መጀመሪያ ኪሎው፣ ቀጥሎ ማራቶኑ

80 ኪሎ የሚመዝን ሰው ማራቶንን፣ ማለትም 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን፣ ሮጦ ሲጨርስ የሚያቃጥለው 3,400 ካሎሪ ገደማ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ሯጭ በየኪሎ ሜትሩ ለእያንዳንዱ የሰውነቱ ኪሎ አንድ ካሎሪ ያህል ያወጣል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ግን 7,700 ካሎሪ ያህል ይዟል። ስለዚህ ያ ሁሉ ላብና ድካም ቢሰላ ግማሽ ኪሎ ስብ አይሞላም። ያውም ጉልበቱ በሙሉ ከስብ ቢመጣ ነው፤ ብዙው ግን የሚመጣው በጡንቻና በጉበት ከተከማቸው ስኳር ነው።

ቦርጩን ሊያጠፋ ማራቶን የተመዘገበ ሰው ይህን ሲሰማ ቅር ሊለው ይችላል። ነገር ግን ኪሎ የሚያስቀንሰው ድሮም የውድድሩ ዕለት ሳይሆን ከዚያ በፊት ያሉት ወራት ናቸው። ብዙዎች የሚሳሳቱት መቅጠንንና ለውድድር መዘጋጀትን በአንድ ሰሞን ለማስኬድ ሲሞክሩ ነው። መቅጠን ከሚያወጡት ያነሰ መብላትን ይጠይቃል። ማራቶን ደግሞ ጠግቦ የበላ፣ የተኛና ያረፈ ሰው ይፈልጋል። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ሰው ወይ ኪሎው አይቀንስለትም፣ ወይ ጉልበቱ በመንገድ ያልቃል፤ አለበለዚያም ይጎዳል።

እ.ኤ.አ. በ1996 ጀርመናዊው ፖለቲከኛ ዮሽካ ፊሸር 112 ኪሎ ይመዝኑ ነበር። ኋላ የአገራቸው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት እኚህ ሰው አመጋገባቸውን ለውጠው በቦን ከተማ፣ በራይን ወንዝ ዳር መሮጥ ጀመሩ። በአንድ ዓመት ገደማ 75 ኪሎ ገቡ። ማራቶን የሮጡት ከዚያ በኋላ ነው፤ በ1998 ሐምቡርግ ላይ በ3 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ጨረሱ። አሜሪካዊቷ የቴሌቪዥን አቅራቢ ኦፕራ ዊንፍሬይም በ1994 በዋሽንግተን የማሪን ኮር ማራቶንን በ4 ሰዓት ከ29 ደቂቃ ስታጠናቅቅ ኪሎዋን ቀደም ብላ ቀንሳ ነበር። ከዚያ በፊት በ1988 በፈሳሽ ምግብ ብቻ 30 ኪሎ ያህል ጥላ፣ ያንኑ የሚያክል ስብ በጋሪ እየጎተተች በቴሌቪዥን ቀርባለች፤ ያኔ የወረደው ኪሎ ብዙም ሳይቆይ ተመልሷል። በሮጡበት ዘመን ግን ሁለቱም አስቀድመው ኪሎ ቀነሱ፣ ማራቶኑን ቀጥለው ሮጡ።

ቀን መቁጠሪያውን ለሁለት መክፈል

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ጫማ ከመግዛት ሳይሆን ቀን ከመቁጠር ነው። የውድድሩን ዕለት ይያዙና ወደ ኋላ ይቁጠሩ። ከውድድሩ በፊት ያሉት 16 ወይም 18 ሳምንታት የማራቶኑ ናቸው፤ ከእነርሱ በፊት ያሉት አራት ወራት የኪሎው።

የበርሊንን ማራቶን እንውሰድ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2007 እና በ2008 የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረበት፣ ትዕግሥት አሰፋ በ2023 በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ የገባችበት ይህ ሜዳማ ውድድር የሚካሄደው በመስቀል ሰሞን ነው። ለእርሱ የሚዘጋጅ ሰው ከጥር እስከ ግንቦት መጀመሪያ ኪሎውን ይቀንሳል፤ ከግንቦት አጋማሽ በኋላ ፊቱን ወደ ማራቶኑ ያዞራል። ዐቢይ ጾም በመጀመሪያው ወቅት ይውላል፤ ይህ ጥሩ ነው። ፍልሰታ ግን ረጃጅሞቹ ሩጫዎች በሚበዙበት በነሐሴ ስለሚገባ አስቀድሞ መታሰብ አለበት። በጥቅምት በዋሽንግተን የሚሮጥ ሰው ሁሉንም በአንድ ወር ገደማ ይገፋል። ከገና በኋላ ዱባይ ላይ የሚሮጥ ደግሞ ከባዱን ልምምድ የሚሠራው በጾመ ነቢያት ነው፤ ኪሎ መቀነሻው ወቅት በባሕረ ሰላጤው አገር ከሆነ ከሙቀቱ ጋር ስለሚገጥም ልምምዱ ሌሊት ወይም ጂም ውስጥ ይሆናል።

በሳምንት ግማሽ ኪሎ መቀነስ ለአብዛኛው ሰው በቂ ነው። በአራት ወር ስምንት ኪሎ ይሆናል። ሃያ አምስት ኪሎ መቀነስ ያለበት ሰው ማራቶኑን ለከርሞ ቢያቆየው ይሻላል፤ ዘንድሮ በኅዳር የሚካሄደውን የታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ 10 ኪሎ ሜትር ዒላማው ያድርግ። ከ2001 ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄደው ይህ ውድድር ግማሹ ሩጫ፣ ግማሹ ጭፈራ ስለሆነ ለጀማሪ አያስፈራም።

ከሁሉ በፊት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የልብና የደም ማነስ ምርመራ ያድርጉ። የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ኪሎው ሲወርድ የመድኃኒቱ መጠን መስተካከል ሊያስፈልገው ስለሚችል ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገር አይጀምር። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ኪሎ የመቀነሱን ነገር ለጊዜው ይተዉት።

ከእግር ጉዞ ወደ ሶምሶማ

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አይሩጡ። በሳምንት አምስት ቀን 40 ደቂቃ ፈጠን ብለው ይራመዱ። በሩጫ እያንዳንዱ እርምጃ እግር ላይ የሚያሳርፈው ጫና የሰውነትን ክብደት ሁለት ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ 95 ኪሎ የሚመዝን ሰው ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ደግሞ ይህን በአንድ ጀምበር አይለምድም። ሳንባ በሳምንታት ይጠነክራል፤ ጅማትና አጥንት ወራት ይፈልጋሉ። ጀማሪ የሚጎዳው ትንፋሼ በረታልኝ ብሎ ሲፈጥን ነው።

ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ እያፈራረቁ ግማሽ ሰዓት ይሥሩ። ሳምንት በሳምንት ሶምሶማው ይርዘም፣ እርምጃው ይጠር። በ1972 ኦሊምፒክ ለአሜሪካ 10 ሺህ ሜትር የሮጠው ጄፍ ጋሎዌይ ይህንኑ ሩጫና እርምጃ የማፈራረቅ ዘዴ እስከ ማራቶን ድረስ አስተምሮበታል፤ ስለዚህ በውድድር መሐል መራመድ ነውር አይደለም። ፍጥነትዎን በወሬ ይለኩት። ከጎንዎ ካለው ሰው ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር መነጋገር ካቃተዎት ፈጥነዋል ማለት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያልፋል፤ ከውጭ ለእረፍት የመጣ ሰው እዚህ ትንፋሽ ቢያጥረው አየሩ ስለሚሳሳ ነውና ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ዝግ ይበል።

ማለዳ 12 ሰዓት ላይ መስቀል አደባባይ ደረጃዎቹ ላይ የሚመላለሰውን ሰው ልብ ብሎ ያየ፣ ከልብሱ ሥር ላስቲክ ጠቅልሎ የሚሮጥ አንድ ሁለት ሰው አያጣም። ላስቲኩ የሚያስወጣው ውኃ ነው። ሚዛኑ ጠዋት አንድ ኪሎ ይወርዳል፣ ከሰዓት ሁለት ጠርሙስ ውኃ ሲጠጣ ይመለሳል፤ በመሐሉ ያተረፈው ራስ ምታት ብቻ ነው። ሳውናም፣ ሽንት የሚያበዛም ሆነ የሚያስቀምጥ መድኃኒትም ከዚህ አይለዩም፤ መድኃኒቶቹ እንዲያውም ለልብ አደገኛ ናቸው።

ጫማ ከሰልባጅ የሚገዙ ከሆነ ገልብጠው ይዩት። ተረከዙ በአንድ በኩል የተበላ ከሆነ ሌላ ሰው ረግጦ ጨርሶታል፤ ይተዉት። በሳምንት ሁለት ቀን ቁጭ ብድግና የሆድ እንቅስቃሴ ይጨምሩ። ኪሎ ሲቀንስ ጡንቻ አብሮ እንዳይሄድ የሚያግዘው ይህ ነው።

ቁሌቱ፣ ጉርሻውና ጾሙ

በቀን ከ300 እስከ 500 ካሎሪ መቀነስ ይበቃል። ከየት ይቀነስ የሚለው ላይ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጣላው ከእንጀራ ጋር ነው። መጣላት ያለበት ከቁሌቱ ጋር ነበር። ሽንኩርቱ ብረት ድስቱ ውስጥ ሲቁላላ ዘይቱ ከጀሪካኑ በዓይን ግምት ይንቆረቆራል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው፤ በግምት የሚፈስሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአምስትና ከስድስት ማንኪያ አያንስም። ለአንድ ሳምንት ዘይቱን በማንኪያ እየለኩ ያብስሉ። ሽንኩርቱን በትንሽ ውኃ እያበሰሉ ዘይቱን መጨረሻ ላይ መጨመር ጣዕሙን ብዙም ሳይጎዳ ግማሹን ያስቀራል። ቀጥለው ለስላሳውን፣ በየማኪያቶው የሚገባውን ስኳርና የማታውን ድራፍት ያዩታል። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ 30 ግራም ያህል ስኳር አለው።

ከአንድ ትሪ መብላት ሌላው ፈተና ነው። ምን ያህል እንደበሉ አያውቁም፣ ሲያቆሙ ደግሞ ጉርሻ ይመጣል። የራስዎን ድርሻ በሳህን ማቅረብ ቤተሰብን ሊያስቀይም ስለሚችል አስቀድሞ ማስረዳት ይሻላል። ሌላም ይጠብቁ፤ ስድስት ኪሎ ሲቀንሱ አክስትዎ በደስታ አያጨበጭቡም፣ «ምነው ልጄ፣ አመመህ እንዴ?» ነው የሚሉት። መልሱን አዘጋጅተው ይቆዩ።

ፕሮቲን አይቀነስም። ስፖርት ለሚሠራ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ1.2 ግራም ጀምሮ እስከ 2 ግራም ይመከራል፤ ለ75 ኪሎ ሰው ቢያንስ 90 ግራም ማለት ነው። እንቁላል፣ ዓሣ፣ ዶሮና ቀይ ሥጋ በፍስክ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ሽንብራና ኦቾሎኒ በጾም። ቡናና ሻይ በማዕድ ላይ ሲጠጡ ብረት ከምግቡ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳሉና ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ያርቋቸው። በተለይ ሴት ሯጮች ይህን ነገር በቀላሉ አይዩት።

ጾም በራሱ ያቀጥናል የሚለው እምነት በየሁዳዴው ይፈተናል። ከሥጋና ከቅቤ የዳነው ሆድ በሳምቡሳ፣ በቦምቦሊኖ፣ በዘይት በረሰረሰ ፓስታና በጾም ኬክ ይካካሳል፤ የፋሲካ ማግሥት ሚዛን ላይ የወጣ ሰው ምንም ሳይቀንስ ሊያገኘው ይችላል። በአንጻሩ ጥራጥሬውንና አትክልቱን በልክ ዘይት የያዘ ሰው ሁለቱን ወር ከስምንት ወሩ ሁሉ ምርጥ ያደርገዋል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ሶምሶማውን ወደ ማታ፣ ከበላ ከሁለት ሰዓት በኋላ ያድርገው። በረመዳንም እንዲሁ፤ ከኢፍጣር በፊት አጭርና ቀላል ሩጫ ይቻላል፣ ረጅሙ ግን ከኢፍጣር በኋላ ይሁን። ውኃ ሳይቀምሱ 25 ኪሎ ሜትር መሮጥ የሚያስመሰግን ነገር አይደለም። ፍልሰታ ከረጃጅሞቹ ሩጫዎች ጋር ሲገጥም ከንስሐ አባት ጋር አስቀድሞ መመካከር ተገቢ ነው፤ አለዚያ ረጅሙን ሩጫ ከጾሙ ሁለት ሳምንት ፊትና ኋላ ማሸጋሸግ ይቻላል።

ሚዛን ላይ በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ይውጡ፤ በአንድ የተወሰነ ቀን፣ ጠዋት፣ ከሽንት ቤት መልስ፣ ምንም ሳይቀምሱ። ወገብዎን በልብስ ሰፊ ሜትር ይለኩ። መሮጫ ማሽኑና የእጅ ሰዓቱ አቃጥለሃል የሚሉትን ካሎሪ አምነው አይብሉበት፤ አብዛኛውን ጊዜ ያጋንናሉ። ኪሎው ለተከታታይ ሳምንታት በሳምንት ከአንድ ኪሎ በላይ ከወረደ ምግብ ይጨምሩ።

ረጅሙ ሩጫና በሶው

በሁለተኛው ወቅት በሳምንት አራት ቀን መሮጥ ይበቃል። ሦስቱ አጫጭር፣ አንዱ ረጅም። ረጅሙ ከ12 ኪሎ ሜትር ተነሥቶ ቀስ እያለ ወደ 30 ወይም 32 ይደርሳል፤ በየአራተኛው ሳምንት ዝቅ ይደረጋል። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት በቀን 200 ካሎሪ ያህል መቀነሱን መቀጠል ይቻላል። ከዚያ በኋላ ቅነሳው ይቆማል። ሚዛኑ ባለበት ቢቆም ደስ ይበልዎት።

ምክንያቱ ይህ ነው። ጡንቻና ጉበት አከማችተው የሚይዙት ስኳር 2,000 ካሎሪ ገደማ ነው። ሯጭ 30ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ድንገት እግሩ የሚከዳው፣ ዓይኑ የሚፈዘው፣ ይህ ስንቅ ሲያልቅ ነው። ግማሽ ጎተራ ይዞ የተነሣ ሰው ደግሞ 20ኛው ላይ ይቆማል። ስለዚህ ከረጅሙ ሩጫ በፊት በነበረው ማታ በደንብ ይብሉ፤ እንጀራ፣ ሩዝ ወይም ፓስታ። ሽሮና ምስር ግን ለዚያች ማታ ይቅሩ፤ ሆድ ይነፋሉ፣ ማለዳ 18ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ደግሞ ቁጥቋጦ ያስፈልግዎታል።

ከአንድ ሰዓት ከሩብ በላይ በሚሮጡበት ቀን ሁሉ በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ኃይል ሰጪ ምግብ እየሮጡ ይውሰዱ። ጄል ውድ ነው፣ ሁልጊዜም አይገኝም። የአገሩ መላ በሶ ነው። ሦስት የሾርባ ማንኪያ በሶ፣ አንድ ማንኪያ ማር፣ ቁንጥር ጨው በግማሽ ሊትር ውኃ በጥብጠው ጠርሙስ ውስጥ ያድርጉ፤ 40 ግራም ያህል ይሆናል። በሶው በወንፊት በደንብ ካልተነፋ ታች ይዘቅጣል፤ የጠርሙሱን አፍ ይዘጋል። ከመጠጣትዎ በፊት ይነቅንቁት። አንዳንድ ሆድ በሩጫ ላይ ገብስ አይወድምና መጀመሪያ በ15 ኪሎ ሜትር ሩጫ ይሞክሩት፤ ካልተስማማዎት ተምርና ሙዝ አለ።

እንቅልፍ ማጣት፣ ሁልጊዜ መብረድ፣ ንጭንጭ፣ ፍጥነት እየቀነሰ መሄድ፣ ሴት ከሆኑ የወር አበባ መቅረት፤ እነዚህ ሰውነት ከሚያወጣው በጣም ያነሰ እየበላ መሆኑን ይናገራሉ። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ባለሙያዎች ከ2014 ጀምሮ ይህን የኃይል ጉድለት ለይተው ስም ሰጥተውታል፤ መጨረሻው የአጥንት መሰንጠቅ ሊሆን ይችላል። ምልክቱን ያየ ሰው ሩጫውን ይቀንስ፣ ምግቡን ይጨምር፣ ሐኪም ይይ።

የመጨረሻው ሳምንትና ከዚያ ወዲያ

ከውድድሩ ሦስት ሳምንት በፊት ሩጫው መቀነስ ይጀምራል። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ደግሞ የሳህኑ ትልቁ ድርሻ ኃይል ሰጪ ምግብ ይሁን። ያኔ ሚዛኑ አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ይጨምራል፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ደንግጦ እራት የሚዘለው። ያ ኪሎ ስብ አይደለም። አንድ ግራም ስኳር ጡንቻ ውስጥ ሲከማች ሦስት ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይገባል፤ ሁለቱም ለመንገድ የተቋጠሩ ናቸው። እንዲያውም በዚያ ሳምንት ሚዛኑን አልጋ ሥር መክተት ይሻላል።

በዕለቱ የመጀመሪያዎቹን 10 ኪሎ ሜትሮች ከሚመኙት ቀስ ብለው ይሂዱ። ውኃን በተመለከተ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። በ2002 የቦስተን ማራቶን 488 ሯጮች ሲጨርሱ ደማቸው ተመርምሮ፣ 13 ከመቶው የጨው መጠናቸው ከልክ በታች ወርዶ ተገኝቷል፤ ውጤቱ የታተመው በ2005 ነው። ችግሩ በተለይ የታየው ከመነሻው ይልቅ መድረሻው ላይ ክብደት ጨምረው በተገኙት፣ ማለትም ከልክ በላይ በጠጡት ዘንድ ነበር። ሲጠማዎት ይጠጡ፤ በየጣቢያው ጠርሙስ ሙሉ አይገልብጡ።

ከመድረሻው በኋላ ያሉት ሳምንታት ከሁሉም ይልቅ አሳሳች ናቸው። 72 ኪሎ የገባ ሰው በሳምንት 60 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ 4,300 ካሎሪ ያህል ያቃጥል ነበር። ሩጫውን ሲያቆም የምግብ ፍላጎቱ አብሮት አይቆምም፤ ያንኑ ሳህን እየበላ ከተቀመጠ በሁለት ሳምንት አንድ ኪሎ ያህል ይመለሳል። ፊሸርም ሆኑ ኦፕራ የቀነሱት ኪሎ በኋላ ዓመታት ተመልሶባቸዋል።

ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እግር ጉዞ ብቻ ያድርጉ፤ ለረጅሙ ሩጫ ተብለው የተጨመሩትን በሶውን፣ ማሩንና ሁለተኛውን እራት ከዚያው ሳምንት ጀምሮ ያንሡ። በሦስተኛው ሳምንት በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከ5 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ወደሚሆን ሶምሶማ ይመለሱ፤ ሚዛኑንም ከአልጋ ሥር ያውጡት። ከውድድሩ በፊት ከነበረው ቋሚ ኪሎዎ ሦስት ኪሎ ካለፈ በቀን 300 ካሎሪ ቅነሳውን እንደገና ይጀምሩ፤ ቀጣዩን ማራቶን ለመመዝገብ ግን ያ ቅነሳ እስኪያልቅ ይጠብቁ።